ሳጥን ቁጥር ዐሥራ ሰባት

ሻርጃ ውስጥ ሣር የሚመጣው
እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ነው፤
ከጭነት መኪና ያወርዱታል፣
አሸዋው ላይ ይዘረጉታል፣
ሰኞ ባዶ የነበረ መሬት፣ ኀሙስ ሕፃን ይድኽበታል።

ውሃው በሐምራዊ ቧንቧ መጥቶ ከሥሩ ጠብ ጠብ ይላል፤
በዐረብኛ፣ በኡርዱ፣ በእንግሊዝኛ «አትጠጡ» ተብሎ ተጽፏል።
በአማርኛ አልተጻፈም።
እኛ ብንጠጣ ባንጠጣ ማንንም አላሳሰበም።

ከመጫወቻው ጀርባ፣ የባሕሩ ነፋስ በሚያጉረመርምበት ጥግ፣
ሃያ አራት የእንጨት ሳጥን አለ፤ ነዋሪ እንዲዘራበት በሕግ።
ዐሥራ ሰባተኛው የማዳም ነው፤ ግንባሩ ላይ ስሟ ተለጥፏል፣
ከስሟ በታች አንድ ቲማቲም ፈገግ ብሎ ተሥሏል።
እሷ የመጣችው ሁለቴ ነው፤ አንዴ ሲመረቅ፣ አንዴ ጓንቷን ረስታ።
ሌላውን ቀን እኔ ነኝ፤ ሕፃኑን በጋሪ እየገፋሁ፣ ከዐሥር ሰዓት እስከ ማታ።

ስሜ ትርንጎ ነው። እነሱ ቤት «መርየም» ይሉኛል።
ለአፍ ይቀላል አሉ። ልክ ነው፣ ለአፋቸው ይቀላል።
እዚህ ግን ዛፉ ሁሉ ስም አለው፣ በቆርቆሮ የተንጠለጠለ፤
ጋፍ፣ ኒም፣ ሲድር። «ከበደን» ተብሎ ስሙ የተለወጠ ዛፍ የለ።

ካቻምና ለዕረፍት ስሄድ፣ ከሐርቡ ገበያ፣
ነጠላዬ ጠርዝ ውስጥ ሰፍቼ አመጣሁ፤ የጎመን ዘር፣ አንድ ማንኪያ።
«ጅርጅር ዝሪ፣ ድንብላል ዝሪ» ነበር ትእዛዙ፤ ዘራሁ።
ከጅርጅሩ ኋላ ግን፣ በጥላው፣ አንዲት መስመር ሰረቅሁ።

አትክልተኛው ሙክሌስ፣ የሲልሄት ሰው፣ መጀመሪያ እንዳላየ፤
ኋላ የሳጥኑን ቧንቧ በሚስማር አሰፋና ውሃው ከመስመሬ ቆየ።
«ምንድን ነው?» አለኝ በሰባራ ዐረብኛው፣ ቅጠሉን በጣቱ ይዞ።
«ጎመን» አልሁት። «ሻክ!» አለኝ፣ ባርኔጣውን ጠምዝዞ።
በእሱ አገር ቅጠላ ቅጠል ማለት ነው፤ ለኔ የተሰማኝ «ሻከረ» ያለ መስሎ፤
ሁለቱም ልክ ነበር፤ እንደ እጃችን ሻክሯል፣ በጨው ነፋስ በቅሎ።

በየካቲት ውድድር መጣ። ሦስት ዳኞች፣ አንድ ካሜራ፣
ከሳጥን ሳጥን ዞሩ፣ ቲማቲሙን ሁሉ ተራ በተራ።
ዐሥራ ሰባት ዘንድ ቆሙ። አንዷ ዳኛ ጎንበስ አለች፣
ከጅርጅሩ ኋላ እጇን ሰዳ ቀነጠሰች፣ ቀመሰች።
ማዳም ሦስተኛ ጊዜዋ ነው፤ አዲስ ጓንት አጥልቃለች።
«ስሙ ማን ይባላል?» ተባለች።
ዞራ አየችኝ። እኔ ጋሪውን ይዣለሁ፣ ሕፃኑ አንድ ጫማውን ጥሏል፤
«ጎመን» አልሁ ቀስ ብዬ። «ጉመን» አለች። ተጻፈላት፤ አንደኛ ወጥቷል።

ፎቶው ፍሪጁ ላይ አለ፣ በማግኔት፤
ሰማያዊ ሪባን፣ ነጭ ጥርስ፣ ከግራው ጠርዝ የጋሪው እጀታ፣ አራት ጣት።
አልተናደድሁም። አይ፣ ተናድጃለሁ፤ ለአንድ ሳምንት።
«ጎመን በጤና» ይባላል እኛ ዘንድ፤ ቀቅዬ ሳቀርበው ልተርጉምላት ብዬ ነበር፣
ዐረብኛዬ አልደረሰም፤ ጎመኑን ብቻ በላች፤ ጤናው ሳህኑ ላይ ቀረ፣ ሳይነገር።

ግንቦት ሲገባ አፈሩ ያቃጥላል፤ ሳጥኖቹ ይራገፋሉ፣
የብርዱ ወር አበቦች ተነቅለው በጆንያ ይጫናሉ።
ሙክሌስ አንዷን ግንድ አልነካም፤ ቢጫ አብባ፣ ፍሬ አዝላ፣ ደርቃ፣
ከአጥሩ ሽቦ ጋር በጫማ ክር አስሯታል፣ እንዳትቀር ወድቃ።

ግማሹን ዘር ለእሱ ሰጠሁ፤ ደመወዙ በተጻፈበት ወረቀት ጠቀለለው።
ግማሹን ይዤ ዓርብ ዕለት ባሕሩ ዳር አግዳሚ ላይ ያገኘኋት ልጅ ናት የወሰደችው።
ሦስተኛ ወሯ ነው። ስሟን ብጠይቃት «ሊና» አለችኝ።
ዝም ብዬ ጠበቅኋት። ባሕሩን አየች፤ እኔን አየችኝ።
«ዘቢደር» አለች፣ የሰው ልጅ ብስኩት ፍርፋሪ ከመዳፏ ጠርጋ ጥላ።
ዘሩን ቆጠርሁላት። «ሙቀቱ ሲሰበር» አልኋት፣ «ከጅርጅሩ ኋላ።»