በእርሳስ የተጻፈ

የቢንጎ ዕጣዬን፣ ለዝናብ ቦቲ ያልኩትን፣
ሰጥቼ ገዛሁት ይህን ባለ አንድ ዓይን።
ሩሪ ሳቀብኝ፤ "አያቴ፣ ምን ልትሠሪበት ነው?
ቁንጫ ልትቆጥሪ?"
"ዝም በል" አልኩት። "ሰው
በሰባ አንድ ዓመቱ ዓይን ቢገዛ ምንድን ነው?"

አንገቱ እንደ ሽመላ፣ ዙሪያው ስምንት አምፖል፣
ገመዱ ከወገቡ ወጥቶ ስክሪኑ ላይ ይሰካል።
ጣቴን ከሥሩ ብዘረጋ ብቅ አለ አንድ ተራራ፣
አሻራዬ እንደ እርሻ ትልም ተሰምሮ ተራ በተራ፤
ጥፍሬ ውስጥ የድንች አፈር ይታያል እንደ ቋጥኝ።
ሐቀኛ ዕቃ ነው፤ ፊቴን ሳያይ ገመናዬን ነገረኝ።

እጄና ስክሪኑ ግን ሳምንት ሙሉ ተኳረፉ፤
ወረንጦዬ መሃል ደርሶ፣ ምስሉ ገና ነው ከጫፉ፤
ከእጄ በግማሽ ቅጽበት ወደ ኋላ የሚደርስ፣
ልክ እንደ ሟቹ ባሌ፣ እንደ ዝምተኛው ኢነስ፣
ቀልድ ነገ የሚገባው፣ ሰው ሁሉ ስቆ ሲጨርስ።
ደግሞም ግራኝ ነኝ እኔ፤ "ግራ ገባኝ" የሚለኝ
ሰው ሲመጣ "እንኳን ደስ ያለህ" ማለት የሚያምረኝ።

በሞተ ሬዲዮ ተለማመድኩ። እጄን ማየት ተውኩት፤
ስክሪኑን ብቻ እያየሁ ጣቴን በሃይማኖት ላክሁት።

ከዚያ ያን ኮምፒዩተር አወጣሁ፦
ከቅዳሜ ገበያ፣ ከአሮጌ ስኬትና ከሳህን መሃል፣
"አይሠራም" የሚል ወረቀት ጀርባው ላይ ተለጥፏል።
እኛ ነን የሠራነው። እዚሁ ደንዲ፣ ከኮረብታው ሥር፣
ሁለት መቶ ሴት በነጭ ጋውን፣ በአንድ ረጅም መስመር፤
ኢሽበል በግራዬ፣ ቀኝ ክርኗ ከግራ ክርኔ ሲጋፋ፣
"ይቅርታ" ስንባባል ውለን፣ ይቅርታው ትርጉም ሲያጣ፣ ሲጠፋ፤
ሚስተር ጊልክራይስት ከኋላ፣ አጉሊ መነጽሩን ይዞ፣
"ፈጠን በሉ!" እያለ ያልፋል ፊቱን እንደ ሎሚ አጎምዝዞ።
ለአንዲት ነጥብ ሦስት ሰከንድ። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ፤
የሙጫው ጢስ ከበላያችን ጠቆር ያለች ትንሽ ሰማይ።

አሁን ብሎኑን ፈታሁ፤ ቦርዱን ገልብጬ አጋደምኩት፤
የአርባ ዓመት አቧራውን በብሩሽ፣ በአልኮል ጠረግኩት።
ትኩረቱን ጠምዘዝ፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት፤
ጠራ።
አየሁት።

እያንዳንዱ ነጥብ ጫፉ ወደ ግራ የተሳበ፣
ጅራት አለው ቀጭን፣ አየር ላይ እንደተንሳፈፈ የደረቀ።
መበየጃዬን ሳነሣ የምጎትተው ልማድ፤
ኢሽበል "የአይጥ ጭራ" የምትለው፣ ያልነበራት ሌላ አንድ።
ስሜን የትም አልጻፉትም፤ ሳጥኑ ላይ የፋብሪካው፣
መመሪያው ላይ የመሐንዲሱ፤ የኔን ማን ሊያስታውሰው?
በእርሳስ የተጻፈ ይጠፋል ይላሉ፤ ይህ እርሳስ ግን፣
ስድሳ ጊዜ ፈርሞልኝ፣ ከክዳን ሥር ቆየን።

ኩራቴ ደቂቃም አልሞላ። ከማስታወሻው ቺፕ አጠገብ፣
ሦስተኛዋ እግር ዙሪያ፣ ከጸጉር የቀጠነ ቀለበት፦
ስንጥቅ። ግራጫ፣ ደብዛዛ፣ ብርሃን የማትመልስ፣
ገና ያኔውኑ ቀዝቃዛ።
ጅራቷም ወደ ግራ።
"የማን ናት?" ብዬ አልጠየቅሁም።

ስለዚህ አንድ ልጅ፣ የገና ጠዋት፣ ወረቀቱን ቀዶ፣
ሁለት ሳምንት ተጫውቶ፣ በሦስተኛው ጥቁር ስክሪን ፊት አልቅሶ ይሆናል።
ምን ነክቶኝ ነበር? የዓርብ ማታ ደወል?
የኢሽበል ክርን? ወይስ ተራ ስንፍና?
መቶ እጥፍ ቢያጎላም፣ ምስል ምክንያት አያሳይምና
ጥያቄውን ተውኩት። ሙጫ ቀባሁ፣ ጫፉን አስጠጋሁ፤
ሦስት ሰከንድ አልቆጠርኩም፤ እስኪበቃት ጠበቅሁ።
ግራጫዋ ተንቀጠቀጠች፣ ድንገት መስታወት ሆነች፤
ስምንቱንም አምፖሎች አንድ ባንድ ሆዷ ውስጥ ያዘች።
እጄን ሳነሣ
ጅራት።

ቴሌቪዥኑ ላይ ብልጭ አለ፤ ሩሪ እየሮጠ መጣ፦
"ምን ነበር ችግሩ?"
"አንዲት ሠራተኛ" አልኩት፣ "ዓርብ ቀን የቸኮለች።"
"ታውቂያታለሽ?"
"ያን ብሎን አቀብለኝ" አልኩት፣ "ትንሹን። በግራ በኩል ያለውን።"