ያነጣል

ዉች በምትባል ከተማ፣ በፖላንድ መሀል አገር፣
የጡብ ጭስ ማውጫ ሁሉ ጭሱን በረሳበት ሰፈር፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አሳንሰሩ በሞተበት ቤት፣
ወይዘሮ ቦጉሚዋ ብቻቸውን ተቀምጠዋል ለራት።
የድንች ሾርባ፣ ቁራሽ ዳቦ፣ በጨው የከረመ ኪያር።
ዜናው ሊጀምር ሲል ይመጣል፣ ባለ ጋዋኑ ምሁር።

ጥርሱ ነጭ፣ ጓንቱ ነጭ፣ መነጽሩ መስታወት አልባ፤
ጣቱን ይቀስርባቸዋል፣ ሳያንኳኳ ቤት የገባ፦

«አንቺ የቤት እመቤት! እድፍ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?
አታውቂም! አትፍሪ፣ ቀስ ብዬ ነው የማስረዳሽ።
ይህ ሸሚዝ ነው። ሸ-ሚ-ዝ። ይህ ደግሞ እድፍ ነው። አየሽ?
ሰማያዊ ፍሬዎቼ እም እም እያሉ ሲበሉት አየሽ?
እሰይ! ጎበዝ! ገባሽ!
ቢያሉኒያ ዱቄት! ያ! ነ! ጣ! ል!»

ማንኪያው ሾርባው ላይ ቀጥ ይላል።

ስለ እድፍ! ለእሳቸው!
ሠላሳ አንድ ዓመት በጥጥ ፋብሪካው የማቅለሚያ ክፍል፣
በፈላ ገንዳ አፋፍ ቆመው፣ እንፋሎቱ ፊት ሲያቃጥል፣
ክሩን በጣታቸው ዳስሰው «ይህ ገና ጨው ይቀረዋል፣
ያኛውን አሁን ካላወጣችሁት ቀዩ ወደ ቡኒ ይሸሻል»
ሲሉ መሐንዲሱ ይጽፍ ነበር፣ እርሳሱን በምራቁ እያራሰ።
ፋብሪካው ተዘጋ፤ ማሽኑ ተሸጠ፤ መሐንዲሱም ዐፈር ለበሰ።
በግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር ሥር ግን አንዲት ሰማያዊ ቀርታለች፣
ከቆዳቸው ጋር ያረጀች።
እሷንስ የትኛው ፍሬ ይበላታል?

መጀመሪያ ሰሞን ይመልሱለት ነበር፣ ሰው መስሏቸው፦
«ወንድሜ፣ አንቺ የተባባልነው የት ነው?» ደግሞ ‹አንቺ› አላቸው።
ድምፁን ዘጉት። እጁ ግን ያለ ድምፅም ይናገራል፣
ሕፃን እንደሚያጎርስ ሞግዚት አየር ላይ ይዞራል።
ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ከላይ ቤት፣ ከታች ቤት፣ ከማዶ
ያው ድምፅ መጣ፤ ለካ ግድግዳ ጆሮ ብቻ አይደለም ያለው፣
አፍም አለው።

በኅዳር አንድ ምሽት በሩ ተንኳኳ፤ ሁለቴ፣ በቀስታ።
የምድር ቤቱ አዲስ ተከራይ ነው፤ ፂሙ ያደገ፣ ሰላምታው እንደ ይቅርታ፦
«በምሽት ስላስቸገርኩዎ… እርስዎ ማቅለሚያ ክፍል ይሠሩ ነበር ሲሉ ሰማሁ…»

እርስዎ።

ድምፁን አወቁት። ከፊቱ በፊት ድምፁን።
ባለ ጋዋኑን። ጋዋን የሌለውን።

ስሙ ዜሞቪት ነው። «ነገ ጠዋት ቲያትር ቤት ለፈተና እቀርባለሁ፤
እውነተኛ ሚና ነው፤ ንጉሡን ባይሆን፣ ቢቀናኝ መልእክተኛውን እሆናለሁ።
ያለኝ ሸሚዝ ይኸው ነው፤ የቀይ ሥር ሾርባ ደፋሁበት፤
ሦስቴ አጠብኩት፣ በ… በዚያ…» ስሙ ጉሮሮው ላይ ቀረበት።
«ግማሹን ክፍያ የሰጡኝ በካርቶን ነው» አለ፤ «በዱቄቱ። አልጋዬ ሥር ሞልቷል።»

«እንግዲያ ያልከው እውነት ነው» አሉት፤ «አንተን ራስህን አንጥቶሃል።»

ደግሞ ለቅጣት ያህል፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣
ሸሚዙን ወደ አምፖሉ ከፍ አድርገው
«ይህ ሸ-ሚ-ዝ ነው» አሉት። ጆሮው ቀይ ሥር መሰለ።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። «ሙቅ ውሃ ነክቶታል? ሦስቴም? ወይ አንተ ልጅ!
ሙቅ ውሃ እኮ እድፍን ከክር ያስማማዋል፣ እንደ ወዳጅ።
ቀዝቃዛ ነበር።» ከራት የተረፈውን ዳቦ ውሃ አስነክረው
እድፉ ላይ ጣሉት፤ ዳቦው ሮዝ ሆነ። ሌላ ቁራሽ። ኮምጣጤ ጠብ አድርገው
በአውራ ጣታቸው፣ ሰማያዊዋ ባለችበት፣ ከጠርዙ ወደ መሀል፣
እስከ እኩለ ሌሊት።
ሁሉም አልወጣም። «ከመድረክ ላይ ማን ያየዋል?»

በነጋታው ከምሽቱ አንድ ሰዓት። የዛሬው ሾርባ ጎመን ነው።
«አንቺ የቤት እመቤት! እድፍ ምን እንደሆነ…»
ድምፁን አልዘጉም። ማንኪያቸውን እንደያዙ ዘንበል አሉና
«ሸሚዙስ ደረቀ?» አሉት። «ሰዎቹስ ምን አሉህ?»

«እሰይ! ጎበዝ!» አላቸው።
«ያ! ነ! ጣ! ል!»