ምክንያት፦ ሌላ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል፣ ከመጋዘኑ በር፣
አይሱዙው ሲያስነጥስ፣ ሣጥን ከሣጥን ጋር
ሲጋጭ፣ ሲንቃጨል፣
ስልኬ ይጮሃል፤ "እንዴት አደርክ?" አይል፦
"ዘጌ ለምን ቀላ? አብራራ!" ይለኛል።

እኔ የማውቃት ዘጌ ጫካ ናት፣ ለምለም ናት፤
ቡናው ካልበሰለ ቀልታ አላየኋት።
ለእነሱ ግን ዘጌ ስክሪን ላይ ያለች ነጥብ ናት፣
ታርጌት ያልሞላች፣ ደም የመሰለች ናት።

አዲስ አበባ ላይ፣ ከዘጠነኛው ፎቅ፣
አንድ ልጅ ቁጭ ብሎ፣ ማውሱን ሲያንቀሳቅስ፣
ከባሕር ዳር ዘጌ መስመሩን ጎተተው፤
ጣናን እንደ አስፋልት መሃል ሰነጠቀው።
"ሃያ ሁለት ደቂቃ" ብሎም ጻፈበት፤
የእኔን አይሱዙ ውሃ ላይ ነዳበት።

እኔና ይርሳው ግን በየብስ ነው የምንሄድ፣
ከፊት ባጃጅ ቆሞ፣ ጭቃ ውጦን መንገድ።
ትናንት አንድ ጉድጓድ፣ ሰባት ባዶ ጠርሙስ።
"ማን ይከፍላል?" አላለኝም። መሪውን ብቻ ጨበጠ።
ዘጠኝ ዓመት ነድቷል፤ መልሱን ያውቀዋል።

ዓባይ ማዶ፣ ከወይዘሮ ሙሉጎጃም ሱቅ፣
መብራት ከጠፋ ሦስት ቀን፤ ፍሪጁ መደርደሪያ
ሆኖ ሳሙና ይዟል፣ ሻማና ክብሪት።
"ልጄ፣ ለብ ያለ ለስላሳ ማን ይጠጣል?
ያለፈውም እዚያው ነው፣ ያውልህ፣ ቁጠረው።"
እውነቷን ነው።
አፌ ግን ያሠለጠኑትን ይላል፦
"አሥር ሲወስዱ እኮ አንድ ይመረቃል።"
ዝም ብላ አየችኝ።
ሁለት ሣጥን ወሰደች፣ ለእኔ ብላ እንጂ ጠጪ አግኝታ አይደለም።
በይሉኝታ የተሸጠ ሽያጭ ነው? አላውቅም።
ስክሪኑ አይጠይቅም፤ አረንጓዴ በራች።

"እኛ ቤተሰብ ነን" ይላል አለቃዬ በየስብሰባው፤
በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፣ "መስመር አራት" ነኝ።
ስልኩን ከሣጥን አስደግፌ፣ ከሐይቁ ዳር ቆሜ፣
"እሺ፣ ይሻሻላል" እላለሁ፣ ነፋሱ ግማሹን ይወስደዋል።

አንድ ሰው በታንኳ እንጨት ጭኖ መጣ።
አራገፈ። ታንኳዋን ጎትቶ ከውሃ አወጣ፣
ከግንብ አስጠግቶ ለፀሐይ አቆማት።
ደንገል ነው፤ ውሃ ይጠጣል። ካልደረቀች ነገ አትነሣም።
ይርሳው ወደ እኔ ዞር አለ፣
"አንተስ መቼ ነው የምትደርቀው?" ብሎ ሳቀ።
እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን አልሳቅንም።

ማታ፣ ቅጹ ፊቴ ነው። ሰባቱን ጠርሙስ ከፈልኳቸው፦
ሦስቱን ለይርሳው፣ አራቱን ለራሴ።
ጽድቅ አይደለም። የደመወዛችን ልዩነት ነው።

"ያልተሸጠበት ምክንያት" ይላል፤ ምርጫው አራት ነው፦
ሱቅ ተዘግቷል።
ገንዘብ የለም።
ዕቃ አለ።
ሌላ።
መብራት የሚል የለም። ጭቃ የሚል የለም።
ሐይቅ የሚል፣ ጨርሶ።

"ሌላ" የሚለውን ነካሁና ላክሁ።

ነገ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ስልኬ ይጮሃል፦
"ሌላ ማለት ምን ማለት ነው?"