ዱካ

በደሴ ቁልቁለት ጭጋጉን አልፈነው፣
ኮምቦልቻ ወረድን፤ ፀሐዩ ሌላ ነው።
ስምንት የፍርድ ቤት የመዝገብ ሠራተኞች፣
ዕድሜ ልካችንን የወረቀት ሰዎች፣
«ማስረጃ በመጥፋቱ ተዘግቷል» እያልን፣
ቀይ ማኅተም መትተን ሣጥን ውስጥ የጣልን።

የፖሊስ ማሠልጠኛው ከቦርከና ማዶ፣
ጣራው በባሕር ዛፍ ግማሹ ተጋርዶ፣
ምልምሎች ሲሮጡ አቧራው ይነሣል፣
የሠለጠነ ውሻ ጫማችንን ይልሳል።

ኢንስፔክተር አረቡ፣ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ፣
ሲራመድ የሚያልፍ ጉንዳን ሳያስነሣ።
በአንድ ክፍል በር ላይ ቢጫ ጥብጣብ አለ፣
«ከዚህ ወዲያ ለጊዜው እግር የለም» አለ።
ውስጡ የውሸት ቤት ነው፤ አልጋ፣ የሻይ ብርጭቆ፣
ጭድ የጎረሰ ሰው ወለሉ ላይ ወድቆ፣
ከራስጌው በስተግራ፣ ከአልጋው ራቅ ብሎ፣
ባለ ሦስት እግር ዱካ ተገልብጦ ውሎ።

«ቦታ ይናገራል፤ ድምፁ ግን ቀጭን ነው፣
መጀመሪያ የገባ ጫማ ነው የሚያፍነው።
እጅ ኪስ ውስጥ ይቆይ፤ ዓይን ብቻ ይቅደም፣
ከታጠበ ወዲያ አይነበብም ደም።
ያ ዱካ ምን ይላል? እግሩ ወዴት ዞሯል?
ተቀምጦ ነው የሞተው? ወይስ ቆሞ ኖሯል?»

ዘምዘም የሚሏት ልጅ፣ ምልምል፣ ተንበርክካ፣
በሜትር ትለካለች ከበሩ እስከ ዱካ፣
ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት፣ ካርድ እየተከለች፣
ላቧ ጠብ እንዳይል ዞር ዞር እያለች።

ባልደረቦቼ ሁሉ ጥያቄ ያነሣሉ፤
«ፀጉርስ? ላብስ? ዝናብ ቢመጣስ?» ይላሉ።
እኔ ግን ሐርቡ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ኋላ።
የማሾ መጋዘን፣ ደጁን ሰው የሞላ።

አባቴ ሙሄ ነው፣ የሌሊት ጥበቃ፣
ሬድዮ ጆሮው ሥር፣ ዱካው ላይ እንደነቃ።
ሬድዮው አልተነካም፤ ሲዘፍን ነበረ፤
ጎህ ሲቀድ ያገኘው ሰው ጮኾ ነገረ።
እሪታው ሲሰማ ሠፈር ነቅሎ ወጣ፤
ባለ ማተብ መጣ፣ ባለ ቆቡም መጣ።
ሐዘን ደጅ አይቆምም፤ ወዳጅ ነው፤ ይገባል፣
በእግር ላይ እግሩን፣ እንባውን ይደርባል።

እንድሪስ ጀሪካን፣ አስካለ መጥረጊያ፤
«ደሙ አይረገጥ» አለች እናቴ መጀመሪያ።
አጠበች ወለሉን፣ ተንበርክካ፣ በእጇ፣
ለመጨረሻ ጊዜ፣ ለባሏ፣ ለወዳጇ።
ያ የወደቀ ዱካ ነውር ሆነባት፤
አነሣች፤ ጠረገች፤
ማን ይፍረድባት?

አስር ሳይሰገድ አባቴ ተቀበረ፤
ፖሊሱ ሲደርስ መግሪብ አልፎ ነበረ።
ወለሉ ንጹሕ ነው፤ ማሾው ተሰፍሯል፤
ዱካው ግድግዳ ሥር በሥርዓት ቆሞ ኖሯል።
አውጫጭኝ ተቀመጥን፤ ሽማግሌው ማለ፤
«አላየሁም» አለ፤ «አልሰማሁም» አለ።
ሥራ ስቀጠር ነው መዝገቡን ያየሁት፤
ቀዩን ማኅተም ራሴ በጣቴ ዳሰስሁት።

«ጥያቄ ያለው?» አለ። አንድ ነበረኝ። ዋጥኩ።
ተራዬ ደረሰ፤ ጣት ቀለም ላይ አስቀመጥኩ።
ዘምዘም አውራ ጣቴን ይዛ አንከባለለች፤
«አገር ቢሰበሰብ ይኼን አይመስልም» አለች።

ማታ ደሴ ስገባ ካፊያ ነበር። እናቴ
ሽንኩርት ትልጣለች፣ ተቀምጣ ከቤቴ፣
በዚያው ዱካ ላይ።
«ምን አሳዩሽ ዛሬ?» «ምሳ ጥሩ ነበር።»
«ከምሳውስ ሌላ?» «የሚልስ ውሻ ነበር።»

ጣቴን አየችና «ምን ነክተሽ ነው?» አለች፤
ለብ ያለ ውኃ ላይ ሳሙና ጨመረች፤
አስቀመጠችና እኔን በዚያ ዱካ፣
ትፈትገው ጀመር እንደ ያኔው ተንበርክካ።
አሸችው፣ አሸችው፣ ቀለሙ እስኪጠፋ፤
እጄን አልነጠቅኳትም።
ውኃው ጠቆረና ከደጃፍ ተደፋ።