ሞተሩን አሰማት

ፎቅ ለፎቅ ሲያንሾካሹክ፣ ከካዛንቺስ ጀርባ፣
አንድ የቆርቆሮ በር ነበረ፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባ፤
ስምንት ላም፣ አንድ ጥጃ፣
የፉርሽካ ከረጢት፣ የእበት ክምር፣ የድርቆሽ ስጋጃ፣
እና ቀዩ ትራክተር፣ ቀለሙ የነጣ፣
እትዬ አልጣሽ ከእርሻ ጨረታ በርካሽ ያመጡት ጣጣ።

«አስፋልቱን ሊያርሱት ነው? ምን ሊዘሩ፣ ባቄላ?»
ብሎ ሳቀ ሰፈሩ፣ ትራክተር ሲያይ ከላም ኋላ።
እሳቸው አልሳቁም። ባላቸው ድርቆሽ እንደተሸከሙ ወገባቸው ተቆረጠ፣
ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይናቸው ጨረታ ማስታወቂያ ላይ አፈጠጠ፤
ሐብላቸውን ሸጡ።

እኔ ነኝ ሾፌሩ።
ሌሊት አሥር ተኩል፣ ባትሪው ደክሞ ካደረ፣ ኩምሳ ከኋላ ይገፋል፣
ሁለቴ ያስላል ሞተሩ፣ በሦስተኛው ጥቁር ጭሱን ይተፋል፤
ድድድድ... የሆቴሉ እንግዳ መስኮቱን ሲዘጋ ይሰማኛል፣
«ጸጥታ!» የሚል ዘበኛ በባትሪ ዓይኔን ይወጋኛል።

ተሳቢው ላይ በርሜል፣ በርሜሉ ውስጥ ውኃ፣
(ቧንቧችን በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ ሌላው ቀን በረሃ)
ከሜክሲኮ የቢራ አተላ፣ ትኩስ፣ ጭስ የሚለው እንደ ገንፎ፣
በባዶው መንገድ፣ ትራፊክ ሳይነሣ አልፎ፤
ስመለስ አዛባውን ዝቄ፣ ድርቆሹን ከአይሱዙ አራግፌ፣
እስከ ረፋድ አልወርድም፤ ሻዬም እዚያው ነው፣ ዳቦዬን ከመሪው ጋር አቅፌ።

ቦራ ወልዳ የወደቀች ለት፣ እግሯ አልነሣ ሲላት፣
ሆዷ ሥር ሸራ አሾልከን፣ በማንሻው ቀስ ብለን አነሣናት፤
እንደ ሕፃን ተንጠልጥላ ቆየች፣ ዓይኗን ሞተሩ ላይ ጥላ፣
አንድ ሰኮና አሳረፈች፣ ሁለተኛውን አስከትላ።

ከዚያ ወዲህ ነው መሰለኝ፣
ሞተሩ ካልጮኸ ቦራ ወተቷን አትለቅም፤
ጡቷን በሞቀ ውኃ ቢያጥቡ፣ ፋጉሎ ቢደፉላት፣ አላይም አላውቅም።
አንድ ጠዋት ናፍጣ አልቆ፣
ኩምሳ ባልዲውን በጉልበቱ መሃል አጥብቆ፣
በአፉ «ድድድድ» አላት፤
ዞር ብላ አየችው። ጅራቷን ፊቱ ላይ ለመጣል ጊዜ አልፈጀባት።

ደብዳቤው ሲመጣ እትዬ አልጣሽ መነጽር አድርገው አነበቡት፤
እንደ ገንዘብ ቋጠሩት ከመቀነታቸው ጫፍ፣
ሄደው የቦራን አንገት አከኩ፣ ቃል ሳይወጣቸው ከአፍ።
ስምንቱ በሁለት አይሱዙ ሰንዳፋ ሄዱ፣ ወደ እህታቸው ልጅ፤
እሱ ታርጋ የለው፣ ገዥ አላገኘ፣ ብቻውን ቀረ ከደጅ፣
እኔም ጠባቂው ሆኜ።
ግድግዳው ወደቀ፣ ጎረቤቱ ሄደ፣ ሰፈሩ ጭር አለ።
እንዲህ ያለ ጭርታ ካዛንቺስ ላይ ሰምቼ አላውቅም።

ትናንት አሥር ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ኩምሳ ነው፦
«ቦራ ሦስት ቀኗ፣ አልሰጥ አለች፤ ጡቷ ድንጋይ ነው።
እስቲ...» ዝም አለ። አፈረ መሰለኝ።
«እስቲ ሞተሩን አሰማት» አለኝ።

የሚገፋልኝ የለ። ቁልቁለቱ ግን አልፈረሰም፤ ፍሬኑን ለቀቅሁ፣
በጡብ ስብርባሪ ላይ እየተንገጫገጨ ሲወርድ፣ ክላቹን ረገጥሁ፣ ለቀቅሁ፤
አንዴ ሳለ።
ሁለቴ።
በሦስተኛው ተነሣ፤ ስልኩን ወደ ጭስ ማውጫው ዘረጋሁ፣
እጄ ተለበለበ፣ ግን አልሸሸሁ።
ከማዶ ፎቅ መብራት በራ፣ አንድ ሰው መጋረጃ ገለጠ፤
«ሰማች?» ብዬ ጮኽሁ።
«ዝም በል!» አለ ኩምሳ፣ ድምፁ ተቆራረጠ።

ዝም አልሁ። ሞተሩ ብቻ።
ቆየ።
ከዚያ ከስልኩ ውስጥ፣ በጣም ሩቅ፣ በጣም ቀጭን፣
ባልዲ ላይ የሚያርፍ ነገር፦
ጭር።
ጭር፣ ጭር።

ናፍጣው ስንት እንደቀረ አላየሁም።