ሌላ ካለ ይገለጽ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣
በማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሼ ሆኜ፣
ፍየል ከጣለችው፣ ከበጠጧ መሃል፣
ስቆጥር ኖሬአለሁ የትሉን እንቁላል።
እንጀራዬ ይሄ ነው፤ ሰው ሲጠይቀኝም
"ቆጣሪ ነኝ" እላለሁ፤ አፍሬበት አላውቅም።

የድሬ ቀትር ነው፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤
የስላይዱ መስታወት በጣቴ ላይ ይግላል፤
ማራገቢያው ደግሞ መብራት ሲጠፋበት
ዝንብ ከነዘመዱ ይሰፍራል ካለሁበት።

ባለፈው መስከረም አንድ ሣጥን አመጡ፤
የቢሮ ሰዎቹም ዙሪያውን ተቀመጡ።
ስላይድ አጎረሱት፤ ዓይኔን ሳልከድን ገና
ሁለት መቶ አሥራ አራት ብሎ ቆጠረና
አረፈ።
እኔ ሠላሳ ላይ ነበርኩ።

"ስሙ አስተውሎት ነው፣ ሰው የሠራው" አሉኝ፤
እኔም ጦይባ ነኝ፤ እናቴ ሠራችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ እሱን ማስተማር ሆነ፤
ምስል ያሳየኛል፣ እየተማመነ፦
"ይህ እንቁላል ነው?" — የአየር አረፋ ነው።
"ይህስ?" — አቧራ ነው፣ ከደቻቱ የመጣው።
"ይህስ?" —
እሱ እንቁላል ነው።
ትናንት እኔን ያለፈኝ።
ይሄን ለማንም አልነገርኩም።

አጠገቤ ተቀምጣ ቆጠራ የምትለምድ
ኢፍቱ የምትባል ልጅ ነበረች፣ ዲፕሎማዋ ቀለሙ ያልደረቀ።
ኮንትራቷ በጥር አለቀ፤ አላደሱላትም፤
"ሣጥኑ አለ" ተባለ፤ ሌላ አልተባለም።
ዛሬ ሳቢያን ላይ የዶሮ መኖ ትሸጣለች፤
በባጃጅ ሳልፍ ካየችኝ
"ጦይባ! ስንት ቆጠራችሁ?" ብላ ትጮኻለች።
ቁጥሩን እነግራታለሁ። በጣም ብዙ ነው።

ማክሰኞ ለት መጣ ሮብሌ ከሽንሌ፣
አንዲት ግመል ይዞ፣
ሻኛዋ ዘምሟል፣ ጎኗ ተቆጥሯል፣
ዓይኗ ሥር እንባ አለ፣ ጠጉሯ ቆሟል።
የመሥሪያ ቤቱን ስልክ ከእጁ አኖርኩለት፤
"ሕመሟን ንገረው፣ ይሰማሃል" አልኩት።
ጢሙን አስጠግቶ በኃይል ጮኸበት፦
"ዱካን! ዱካን አላት! ዱካን ነው የገባት!"
ስልኩ አሰበና፣ እንግዳ ተቀባይ በሆነ ድምፅ፣
"በአቅራቢያዎ ሰባት ሱቆች ተገኝተዋል" አለው።

መጋላ ለሚውል ዱካን ማለት ሱቅ ነው፤
ለሮብሌ ግን ግመል ከደሟ የሚያከሳው ነው።
ስልኩን አየ። ግመሏን አየ። እኔን አየኝ።
ግመሏም ቆማ ሸናች።
ሮብሌ ከረጠበው አሸዋ አንድ እፍኝ አነሳ፣
አሸተተ፣
ለእኔም አፍንጫዬ ሥር ያዘልኝ፦ "አሽቺ፣ አቦ።"

ታይዋን ገበያ ከጥላ ውጭ የተረሳ ሀብሀብ፣
እሱን የመሰለ፣ እሱንም ያልሆነ።

ደም ወሰድኩ። ከቀዩ ሴል መሃል
አንድ ቀጭን ጅራፍ ራሱን ይገርፋል።
ሣጥኑም ሲያየው ወዲያው አወቀው፤ አልዋሸም፤ ፈጣን ነው።
ደም ውሰዱ ያለን ግን
አፍንጫ ነው።

ማታ መዝገቡን ልሞላ ተቀመጥኩ።
ምልክቶች፦ ትኩሳት። ሳል። ተቅማጥ። ክሳት።
ሽታ የሚል የለም። ከሁሉ ታች
"ሌላ ካለ ይገለጽ" ትላለች አንዲት ጠባብ ሣጥን፣
አሥር ፊደል ብቻ የምትበቃ።

እጄን ሰበሰብኩ።
የምጽፈው ሁሉ የእሱ ይሆናል፤
ነገ "ቆጣሪ" ቀርቶ "አሽታች"ም አያስፈልግ ይሆናል።
ካልጻፍኩም
ከሽንሌ ማዶ፣ ስሟን የማላውቃት አንዲት ግመል
ቆማ ትመነምናለች።

አሥር ፊደል።
የሮብሌ ስልክ ቁጥር አሥር ነው።
ዜሮ፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት
ብዬ ጀመርኩ።