ማይ

ሙሃረቅ፣ በሐምሌ፣ ከቀኑ በዘጠኝ፣
በሩን ገርበብ ሳደርግ ወላፈኑ መታኝ።
ባሕሩ ቅርብ ነበር፤ ነፋሱ ግን የለ፣
አየሩ እንደ ወጥ ክዳን ሥር የዋለ።
የትናንቱን ትራፊ በሁለት ፌስታል ይዤ፣
ከግንቡ ጥላ ጋር ተጣብቄ ተጉዤ
ገንዳው ጋ ስደርስ፣ ጠራጊው አለ።
ብርቱካን ሰደርያው ጀርባው ላይ ሙጥኝ ያለ፣
አውራ ጣቱን ቀስሮ ወደ አፉ አስጠጋና
«ማይ» አለኝ።
ደነገጥሁ። ቆምሁ እንደገና።

ማይ!
ይሄን ቃል የማውቀው ከአባ መንክር አፍ ነው፣
ጠበሉን ሲባርኩ በግዕዝ ሲጠሩት ነው፤
ከቆቦ ወደ ላይ፣ ተራራውን ሲያልፉ፣
ስንት መንደር አለ «ማይ» የሚል በአፉ።
ከዚህ አገር ቃላት ዘመድ የመሰለኝ
እሱ አንዱ ነበረ፤ በቤንጋል ሰው መጣልኝ።

ደግነት አልነበረም፤ እውነቱን ልናገር።
ማቀዝቀዣው ሞልቶ አልዘጋ ብሎ ነበር፤
ከሠላሳው ጠርሙስ መርጬ ያወጣሁት
አንገቱ የተሰነጠቀ ነው፣ የማይቆጥሩት።
ግንቡ ጫፍ አኖርሁት፤ ዞርም ብዬ አላየሁ፤
ማታ ግን አልጋዬ ላይ ራሴን ሳደንቅ አደርሁ፣
አንድ የተሰነጠቀ ጠርሙስ ሰጥቼ
ከገነት ቦታ ልመራ ቃጥቼ።

በማግስቱ ጠርሙሱ ታጥቦ ተመለሰ።
አጠገቡም ጥቅልል፣ ጋዜጣ የለበሰ፤
ፊደሉ እንደ ልብስ ከገመድ የተሰጣ፣
ስፈታው አራት ቃርያ ከመሐሉ ወጣ።
(ኋላ በእጁ ምልክት እንዳስረዳኝ፣
ከካምፓቸው ጀርባ፣ በዘይት ቆርቆሮ፣
ከጥሙ ላይ ቀንሶ አጠጥቶት ኖሮ።
ስሙንም ያን ቀን ነው «ሚዛኑር» ያለኝ።)
ወጥ ቤት ቆሜ በላሁት በደረቅ ዳቦ፤
እንባዬ ወረደ። ቃርያው ነው አልሁ፤ ይሁን።

አንድ ቀን ኡም ራሺድ፣ የቤቱ ባልቴት፣
በረንዳው ላይ ያዙኝ። ጠርሙሱን የት ልክተት?
ከቀሚሴ ሥር ነው፤
በረዶው ሆዴን እንደ ፍም ይለበልበዋል።
«ምንድነው?» አሉኝ። ውሸት የት ይደርሳል፤
አወጣሁት።
ዝም አሉ። ተቀብለው ጉንጫቸው ላይ አስደግፈው
ስለ አባታቸው ነገሩኝ፤ ሉል ጠላቂ ነው፤
ክረምቱን በሙሉ ውሃ ላይ ተኝቶ
የሚጠጣው ውሃ በስኒ ተለክቶ።
«ሲመለስ ምላሱ የእንጨት ቁራጭ ነበር።»
ከዚያ ግንቡን አዩት፤ እኔ አየሁ ወደ ምድር።
«አንድ ብቻ?» አሉ።
ሌላ ቃል አልጨመሩም። በዝግታ ገቡ።

መስከረም ሲጠባ ሚዛኑር ቀረ፤ ሌላ መጣ።
ልጅ እግር ነው፣ ስልክ ጆሮው ላይ፣ ፊቱ የተቆጣ።
ጠርሙሱን አነሣ፣ ጨለጠ፣ ክዳኑን ወረወረው፤
ያን ክዳን ጎንበስ ብዬ ሳነሣ ልቤን መረረው።
ሦስት ቀን አላወጣሁም።
ይሄ ያኛው አይደል፣ አልሁ፤ እጅ አይነሣ፣
ቃርያ አያመጣ፣ ጠርሙስ አያጥብ፣ ስም አያወሳ።
ስሙ ሚዛኑር የሆነው ሰው አልመዘነም፤
ቁና ይዤ የቆምሁ እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም።

በአራተኛው ቀን በወጥ ቤቱ መስኮት አየሁት።
መጣ። የግንቡን ጫፍ በመዳፉ ዳሰሰው፣
ከወዲህ፣ ከወዲያ፣ ማየት እንደተሳነው ሰው፤
ባዶ ነው።
ጓንቱን መልሶ አጠለቀ፤ መጥረጊያውን አንሥቶ ሄደ።

ጫማ እንኳ ሳላደርግ ወጣሁ፤ አስፋልቱ እግሬን ላጠው።
ሁለት አኖርሁ፤ አንገታቸው ደኅና የሆነውን።
ኡም ራሺድ ተጣሩ፤ ገባሁ፤ መድኃኒታቸውን ሰጠሁ።
ማን እንደወሰዳቸው አላየሁም።
ስመለስ ግንቡ ላይ ሁለት ክብ እርጥበት ነበር፤
ጣቴን እስካስጠጋ
አንዱ ደረቀ።